ጫማዋ በእኔ መስኮት አላለፈም

በትሕትና እኔን የሚስተካከል ሰው በመንደራችን በኮት ፈተህ የለም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። የፈለጋችሁትን ሰው ጠይቁ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሰው ጭቃና አቧራ ረግጦበት የመጣውን ጫማ በሁለት እጄ ተቀብዬ፣ በገዛ ጨርቄ ጠርጌ፣ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩ ሰው ነኝ። አንዳንዱ ትሑት ነኝ እያለ ወንበር ላይ ይቀመጣል። እኔ የምቀመጠው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጉድጓድ ስል የእውነት ጉድጓድ ነው። እኛ ሲኮች ጫማ አውልቀን የምንጸልይበት የጉርድዋራችን የጫማ ቤት ከመሬት ሦስት ደረጃ ወደ ታች የተቆፈረ ነው። መስኮቱ ከግቢው ንጣፍ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የሚታየው እግርና እጅ ብቻ ነው። እጅ ጫማ ያቀብላል፤ እኔ ቁጥር የተጻፈባት የናስ ቁራጭ እሰጣለሁ። ጸሎት ሲያበቃ እጁ ናሷን ይመልሳል፤ እኔ ደግሞ ጫማውን። ይህንን ያስቆፈረው አያቴ ነው፤ ሆን ብሎ ነው ያስቆፈረው። ምእመኑን ቀና ብለን እንጂ ቁልቁል እንዳናይ ብሎ።

ከአያቴ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ ወደ እኔ ወረደ። ቁልፉ ከቤታችን ወጥቶ አያውቅም። የመንደሩ ደንብም ይኸው ነው፤ የጫማ ቤቱ አገልግሎት በደም ይወረሳል። ከቤቱ የሚቀመጥ ሰው ከጠፋ ብቻ ኮሚቴው ለሌላ ይሰጠዋል።

እዚያ ቁጭ ብዬ መንደሩን በሙሉ በጫማው አውቀዋለሁ። ተረከዙ በግራ በኩል የተበላ ከሆነ የፖስታ ቤቱ ጃግታር ነው። ጥንዱ ካልገጠመ ሰውየው ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ ነው የወጣው። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ጸሎቱ ሊያልቅ ሲል ሹልክ ብሎ ገብቶ ከጸሎት በኋላ ለሚበላው ነፃ ማዕድ አንደኛ ተሰለፈ፣ ከእኔ የሚሰወር የለም። ፈጣሪ ቢረሳ እኔ አልረሳም።

በበዓል ቀን የቅዱስ መጽሐፉ አንባቢ በድምፅ ማጉያው፣ «ስሙ እንዲጠራ የማይፈልገው ወንድማችን ፉማን ሲንግ» ብሎ ያመሰግነኛል። ልክ ነው፣ አልፈልግም። አንድ ዓመት ሳይጠራኝ ሲቀር ግን ሄጄ ጠየቅኩት። ስሜን ፈልጌ አይደለም። ሰውየውን ነገር መርሳት ጀምሮት እንዳይሆን ለጤናው ሰግቼ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ሆኜ ስኖር፣ ባለፈው ክረምት ጉልበቴ ከዳኝ። የከተማው ሐኪም የጉልበቴን ራጅ ብርሃን ላይ አንጠልጥሎ አየና፣ «ከእንግዲህ ደረጃ የለም» አለኝ። «ሦስት ብቻ እኮ ናት» አልኩት። «አንዷም የለችም» አለ። ወሬው ከእኔ በፊት መንደር ደረሰ።

በማግስቱ አንድ ፊት በመስኮቴ ብቅ አለ። ፊት! በዚያ መስኮት ፊት አይቼ አላውቅም። ሌምበር ሲንግ ነው፣ የጡብ ፋብሪካ ያለው። ሆዱን መሬት ላይ አጣብቆ፣ ጥምጥሙን በአንድ እጁ ይዞ፣ አንገቱን አስግጓል።

ይህን ሰውዬ ላስተዋውቃችሁ። የግቢውን እብነ በረድ ያነጠፈው እሱ ነው፤ ስሙ አለበት። በሩን ያሠራው እሱ ነው፤ ስሙ አለበት። በአዳራሹ ባለው ማራገቢያ ሁሉ ክንፉ ላይ ስሙን በቀይ ቀለም አጽፏል። ሲሽከረከር ስለማይነበብ መብራት በጠፋ ቁጥር ሕዝቡ በላብ እየታጠበ እሱ ቀና ብሎ ፈገግ ይላል።

«ፉማን!» አለኝ።

«ጫማህን አቀብል እንጂ አንገትህን ምን ታስገባለህ?»

«ጉልበትህ እንዴት ነው?»

«ካንተ ምላስ ይሻላል።»

«ስማኝማ፣ ቀልዱን ተወው። ስድሳ ስምንት ሞላኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰጥ ነው የኖርኩት። ግን አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ብዬ በእጄ አላገለገልኩም። እዚህ ካንተ ቦታ መቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«እዚህ እኮ ስም የሚጻፍበት ግድግዳ የለም።»

«ስም አልፈልግም!»

«ስም የማልፈልገው እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩበት። በላይ የቆሙት እግሮች ሁሉ ቀጥ አሉ።

እብነ በረዱን ሲያነጥፍ ዝም አልኩ። ማራገቢያውን ሲሰቅል ዝም አልኩ። በሩን ሲያቆም፣ ያንን ሁሉ ወርቃማ ቀለም፣ አሁንም ዝም አልኩ። ሀብቱ አልበቃው ብሎ ትሕትናዬን ሊወስድ ይመጣል? ምን ዓይነት ጉድ ነው!

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ መምህር አጃይብ ናቸው፤ እኔንም ሌምበርንም ፊደል ያስቆጠሩ፣ ዘጠና ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው ሽማግሌ። ሁለታችንንም እንደ ልጅነታችን ጎን ለጎን አስቀመጡንና፣ «ፉማን፣ ደንቡ ይታወቃል። ከመከር በዓላችን ከቫይሳኪ በፊት እስካለችው እሁድ ድረስ ከቤትህ ሰው አምጣ። ካላመጣህ ቁልፉ ለሌምበር ነው» አሉኝ።

«አመጣለሁ» አልኩ አፌን ሞልቼ።

ለምን እንደዚያ እንደተንገበገብኩ እውነቱን ልንገራችሁ። አባቴ ሊሞት ሲል መናገር አቅቶት ነበር። ከትራሱ ሥር ቁልፉን አወጣና እጄ ላይ አኖረው፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ እያጠፈ ዘጋቸው። ሌላ ምንም አላወረሰኝም፤ ሌላም አላማረኝም። እኔም በተራዬ የማጥፈው የልጅ ጣት ፈለግኩ። ይህ ብዙ ነው?

መጀመሪያ ልጄን ሻምሼርን ያዝኩት። የትራክተር መለዋወጫ ይሸጣል። ቁመቱና ትከሻው ደጀን የሚሆን ሰው ያስመስለዋል፤ ግን እንቅልፍ ይወዳል።

«አባባ፣ ያለችኝ እሁድ ብቻ ናት። እሁድ ደግሞ እተኛለሁ» አለኝ።

«ፈጣሪ እሁድ እሁድ ቢተኛ ምን ይውጥህ ነበር?»

«እሱ እኮ ስድስት ቀን ሱቅ አይቆምም።»

ከዚህ ልጅ ጋር መከራከር ጉልበት መጨረስ ነው። የቀረችኝ ምራቴ ኪራን ናት። የሴቶች ትምህርት ቤት ሒሳብ ታስተምራለች። ቤቴን የያዘችው እሷ ናት። ከአፏ ክፉ አይወጣም፤ ስታመም ሌሊት ተነስታ ውኃ የምታቀብለኝ እሷ ናት። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፣ እሱም ዓይን የሚያወጣ ጉድለት ነው። ቤታችን ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በዘጠኝ ዓመት ጫማዋ አንድ ቀን በእኔ መስኮት አላለፈም። እሁድ እሁድ «ሥራ አለብኝ» ትላለች። ተማሪ የምታስጠና መስሎኝ፣ ላገኘሁት ሁሉ «ምራቴ ሒሳብ ከፈጣሪ በልጦባታል» እያልኩ አማርር ነበር። የሰማ ሁሉ ጉሮሮውን ጠረግ አድርጎ ዝም ይለኛል። አዝኖልኝ ነው እላለሁ።

ሚስቴ ቢሻንም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲያው ነበረች። ጠዋት ከላሞቹ ጋር ትቻት እወጣለሁ፣ ስመለስ ከላሞቹ ጋር አገኛታለሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ጫማዋን ካቀበለችኝ ብዙ ነው። እኔም እንግዲህ የቤቴ ሴቶች በእምነት ደከም ያሉ ናቸው፣ የእነሱንም ድርሻ እኔ አገለግልላቸዋለሁ ብዬ ተውኩት። እንደዚህ ዓይነት ሰው ነኝ።

ከእሁዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ምሳ ላይ ነገሩን አነሳሁ። የሰናፍጭ ቅጠል ወጥና ሮቲ የምንለው ትኩስ ቂጣ ቀርቧል።

«ኪራን፣ የኔ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትመጫለሽ። ጫማ ቤቱን አንቺ ትረከቢኛለሽ።»

«ነገ እሁድ ነው፣ አባባ። አልችልም።»

«ለኮሚቴው ነግሬያለሁ እኮ።»

«ሳይጠይቁኝ?»

«ይኸው እየጠየቅኩሽ አይደል?»

«ነግረው ካበቁ በኋላ?» አለች። በክፋት አይደለም፤ ተማሪዋ ድምሩን ከመሥራቱ በፊት መልሱን ሲጽፍ እንደምትጠይቀው ዓይነት ነው።

«ዘጠኝ ዓመት!» አልኳት። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ምራት ጫማ እየተቀበልኩ፣ የእኔን ምራት ጫማ ሳላይ! አንገቴን ደፍቼ! ትንሽ እንኳ ፈጣሪን አትፈሪም?»

ሻምሼር ጉርሻውን መሃል መንገድ ላይ አቆመ። «አባባ፣ እሷ እኮ...»

«አንተ ብላ» አለችው። ጎረሰው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና፣ «ቅቤ ልጨምርልዎት?» አለችኝ።

ተቆጥቶ የተቀመጠን ሰው ቅቤ ልጨምርልህ ሲሉት ምን ይላል? ጨምሪ አልኳት።

ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ ምንም ስላልተናገረች፣ እሺ ያለች መሰለኝ። እኔ ዝምታን ምንጊዜም እሺ ብዬ ነው የምወስደው። ከቢሻን ጋር ሠላሳ አራት ዓመት አንድም ቀን ሳንጋጭ የኖርነው በዚህ ነው።

እሁድ ገና ሳይነጋ ግድግዳ ተደግፌ ሦስቱን ደረጃ ወረድኩ። አወራረዴን ላለማስታወስ እመርጣለሁ። ቁጭ ብዬ ጨርቄን ጭኔ ላይ ዘረጋሁና እግሮች መምጣት ጀመሩ። ስንዴው ሊታጨድ የደረሰበት ጊዜ ስለሆነ ከሁሉም ጫማ ላይ ገለባ ይራገፋል። ያን ቀን ግን ልቤ ጫማው ላይ አልነበረም። የሴት እግር በመጣ ቁጥር አንገቴን አሰግጋለሁ። ኪራን ትሆን? አይደለችም። ይቺስ? አይደለችም።

አሥረኛዋ ላይ ነው መሰለኝ፣ አንድ ነገር ገብቶኝ ክው ያልኩት። የምራቴን ጫማ አላውቀውም። የፖስተኛውን ተረከዝ፣ የአናጢውን የተሰፋ ማሰሪያ አውቃለሁ። ከእኔ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የምትኖር ልጅ ምን እንደምትጫማ ግን አላውቅም። ቀይ ይሁን ጥቁር፣ ሸበጥ ይሁን ሸራ።

ጸሎቱ ተጋመሰ። በማጉያው የመምህር አጃይብ ድምፅ መጣ። «ፉማን ሲንግ ካለበት ወደ አዳራሽ ይምጣ።» ልነሳ ስል ጉልበቴ ቀጭ አለና ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም የለም። ተጣራሁ። ሰው ሁሉ ውስጥ ነው። እንደገና ስጣራ አንድ ቡናማ፣ ውድ፣ በቀለም ያበደ የቆዳ ጫማ መስኮቴ ላይ ቆመ። ሌላ ሰው ጠፍቶ!

«ምን ሆንክ?» አለ ሌምበር።

«ምንም። እያረፍኩ ነው።»

«እጅህን መሬት ላይ ዘርግተህ ነው የምታርፈው?» ጫማውን አወለቀና ደረጃውን ወረደ። ብብቴ ሥር ገብቶ አነሳኝ፤ አልሆነም። ከዚያ ጀርባውን ሰጠኝ። «ውጣ» አለኝ።

«አልወጣም።»

«ውጣ እንጂ አንተ ሰውዬ! ሕዝብ እየጠበቀን ነው።»

ወጣሁ። ምን ላድርግ? በሰባ አንድ ዓመቴ በሌምበር ሲንግ ጀርባ ታዝዬ ከአያቴ ጉድጓድ ወጣሁ።

«ምንህ ነው እንዲህ የሚከብደው?» አለ እያለከለከ። «ትሕትናህ ነው?»

የአዳራሹ ፊት ለፊት ስንደርስ ቆመና ደረጃውን አየው። አሥራ አራት ነው፣ ሁሉም እብነ በረድ፣ ሁሉም እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ።

«ይህን ሁሉ ደረጃ የደረደረው ማን ነው?»

«አንተ ነህ» አልኩት ከላይ።

ወደ ቀኝ ዞረ። «በጓሮ በኩል እንሂድ። ዱቄት የሚገባበት ደረጃ የለውም» አለ።

በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም። አርባ አንድ ዓመት በፊት በር ገብቼ፣ ጉድጓዴ ወርጄ፣ በፊት በር ነው የምወጣው። የነፃው ማዕድ ምሳዬ እንኳ በሳህን እዚያው ይወርድልኛል። ሳህኑ ሁልጊዜ ፊት ያሳያል፤ ማን እንዳጠበው ጠይቄ ግን አላውቅም። ሲዘገይብኝ ማማረር ብቻ ነው የማውቀው።

ጓሮው በቆርቆሮ የተከለለ ነው። የውኃ ፓምፕ አለ፤ አጠገቡ የአመድ ክምር፤ ጥጃ የሚያስተኙ ትልልቅ ድስቶች በጎናቸው ተጋድመዋል። አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች ሻሻቸውን ጆሯቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በአመድና በቃጫ ይፈትጋሉ። ፓምፑ ሥር ጫማዎቻቸው ተበታትነዋል፣ ያለ ቁጥር፣ ያለ ጠባቂ። አንዲቷ ከወገቧ በላይ ድስቱ ውስጥ ገብታለች፤ የሚታየው ሁለት ባዶ እግሯ ነው። እንግዲህ እግር አዋቂው እኔ ነኝ፤ አላወቅኋትም።

ወጣች። ፊቷ ጥቀርሻ፣ ክንዷ እስከ ትከሻው አመድ። ኪራን ናት።

ሌምበር ቀስ አድርጎ የሽንኩርት ጆንያ ላይ አስቀመጠኝ። ሴቶቹ መፈተጋቸውን አቆሙ። ፓምፑ ብቻ ይንጠባጠባል።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? ጉልበትዎ ነው?» ብላ ሮጣ መጣች።

«አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሥራ አለብኝ ብዬዎት አልነበር?»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሠርጌ በኋላ ካለችው እሁድ ጀምሮ። እማማ ናቸው ያመጡኝ።»

«የትኛዋ እማማ?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው አሮጊት ማሂንደር ሳቋ አመለጣት። «እንዴ፣ ፉማን! እውነት አታውቅም? ቀልድህን መስሎን! ቢሻን እኮ ሠላሳ አራት ዓመት እዚህች ቦታ ነው የተቀመጠችው። እሷን ደግሞ ያመጣቻት እናትህ ናት። አንተ በፊት በር ስትገባ እነሱ በኋላ በር ነው። አንተ ሳትመለስ ይመለሳሉ።»

«ጫማዋስ?» አልኩ። ሌላ የምለው አጣሁ። «ጫማዋ አንድ ቀን እንኳ በእኔ በኩል አላለፈም።»

«በኋላ በር የገባ ሰው ጫማውን ለማን ያስረክባል?» አለች ማሂንደር።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው፤ አልዋሽም። ሠላሳ አራት ዓመት በገዛ ቤቴ የተሸወድኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን የቢሻን እጅ ፊቴ ላይ መጣ። ክረምት ከበጋ ይሰነጠቅ ነበር፤ የጣቷ ጫፍ ግራጫ ሆኖ ቀርቶ ነበር። «ላሞቹን ትተሽ ቅቤ ተቀቢ» እያልኩ እቆጣት ነበር። እሺ ትላለች። ትስቃለች ደግሞ፤ ለምን እንደምትስቅ አልጠይቅም። እዚያው ጆንያው ላይ፣ ሌምበር እያየኝ፣ አለቀስኩ።

ኪራን በእርጥብ እጇ ልታብስልኝ ፈልጋ አመዱን አይታ ተወችው።

«የኔ ልጅ፣» አልኳት፣ አሁን ትእዛዝ አልነበረም፣ «ቁልፉን ውሰጂልኝ። እዚያ ቁጭ ማለት ነው፤ ቀላል ነው። ስማችን እንዳይጠፋ።»

«እኔ ከሄድኩ ይህንን ድስት ማን ይገለብጠዋል፣ አባባ? አቅም ያለን ሦስት ነን።» ትንሽ አሰበች። «ለጋሼ ሌምበር ይስጧቸው። እሳቸው በጣም ይፈልጉታል።»

«እኔስ አልፈልገውም?»

«እርስዎ እኮ አርባ አንድ ዓመት አገኙት።»

ቁልፉን ከደረቴ አወጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አዳራሽ ገብቼ፣ «የቤቴ ሰው ዘጠኝ ዓመት በዚህ ግቢ ስታገለግል ኖራለች» ብል፣ ውሸት አይሆንም፣ መምህር አጃይብም በደንቡ ይፈርዱልኝ ነበር። ሌምበርም ይህን ያውቃል። ጥምጥሙ በእኔ ክብደት ተጣሞ፣ ላቡ በጢሙ እየወረደ፣ ወደ ፓምፑ ዞሮ ቆሟል። ሊለምነኝ አልፈለገም። እኔን ተሸክሞ ወደ ኮሚቴው ሲያመጣኝ ሊያሸንፈው የሚችለውን ሰው ነው የተሸከመው። ይህ ደግሞ አናደደኝ፤ ያ ሰውዬ ከእኔ ቀድሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

«ሌምበር» አልኩት።

«እ?»

«እንካ።»

ዞረ። ዓይኑን አላመነም። በሁለት እጁ ተቀበለኝ፣ ልክ እንደሚገባው፤ እኔም ወፍራም ጣቶቹን አንድ በአንድ አጥፌ ዘጋኋቸው። የልጅ ጣት አይደለም፤ ግን እንደ ልጅ ጣት ታጠፈልኝ።

«አሁን ልግባ?» አለኝ።

«ጸሎቱ ሊያልቅ ነው። ሕዝብ በባዶ እግሩ ሊቆም ነው እኮ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

ሮጠ። የጡብ ፋብሪካ ጌታ በስድሳ ስምንት ዓመቱ በባዶ እግሩ ጓሮውን አቋርጦ ሮጠ። በዚያ ቀን አምስት ጥንድ ጫማ አደባልቋል፤ ፖስተኛው ጃግታር በሴት ሸበጥ ቤቱ ገባ። ስሰማ እሰይ አልኩ። ይቅር ይበለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ቫይሳኪ አለፈና ቀጣዩ እሁድ መጣ። ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። በሻምሼር ትከሻ ተደግፌ በኋላ በር ገባሁ። ይህ ልጅ ለካ እሁድ እሁድ ሚስቱን በጨለማ በሞተር ብስክሌት አድርሶ ነው ተመልሶ የሚተኛው። ጫማዬን ፓምፑ ሥር አወለቅኩ። ቁጥር የሚሰጠኝ ሰው ስላልነበረ ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁት።

ቁጢጥ ማለት ስለማልችል ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጠው አስቀመጡኝ። ድስት አልሰጡኝም። ትሪም አልሰጡኝም። በሳፋ ሙሉ ማንኪያ አምጥተው ፊቴ አኖሩና፣ አመዱን አቀረቡልኝ።

እኔ ደግሞ ዓይኔ ሥራ አይቶ ዝም አይልም። አመዱ ቢነፋ ይሻላል አልኳቸው፤ ጠጠሩ ይጭራል። «እሺ አባባ» አሉ። ሳፋዎቹ በየመጠናቸው ቢደረደሩ መንገድ አይዘጉም አልኳቸው። «እሺ አባባ» አሉ። አመዱን ማንም አልነፋውም፤ ሳፋ ከቦታው የነቃነቀም የለም። ማሂንደር ጀርባዋን ሰጥታኝ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ብርድ መስሎኝ ነበር።

«ኪራን» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አቤት።»

«ቢሻን ለምንድነው ያልነገረችኝ? እከለክላት መስሏት ነው?»

«አይ፣ እንደሱ አይደለም።»

«ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አንዴ ጠይቄያቸዋለሁ።»

«ምን አለችሽ?»

ቃጫውን ጨመቀች። ልትናገር አልፈለገችም ነበር፤ ግን ውሸት አታውቅም። «'ከነገርነው ይመጣና እንዴት እንደሚታጠብ ያሳየናል' አሉኝ።»

ጓሮው በሳቅ ፈነዳ። ማሂንደር አመዱ ላይ ተደፋች። ያልሳቀችው ኪራን ብቻ ናት።

እኔ በዚያች ሰዓት ጣቴን ወደ ማሂንደር ድስት ቀስሬ ነበር፤ ከንፈሩን ትታዋለች፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚፈተገው ልላት ነበር። ጣቴን መልሼ ውኃው ውስጥ ከተትኩት። ውኃው ይበርዳል። ቢሻን በጥር ብርድም እዚህ ነበረች ማለት ነው።

ኪራን ያጠብኩትን ማንኪያ ከንጹሁ ሳፋ ውስጥ አነሳችና ወደ ብርሃኑ ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ አጎንብሳ ፊቴ ካለው ሳፋ መልሳ ጣለችው።

«ይቺን ይድገሟት፣ አባባ» አለችኝ።

ደገምኳት።